ሠላሳ አንድ ምስክር ያለው ወንበር

ተሬፋ ባይሳ ወንበር ሰፊ ነበር፤ የቤት ሳይሆን የመኪና። አምቦ ውስጥ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ሱቅ ነበረችው። ከባኮም ከነቀምትም የመጣ ሹፌር ወንበሩ ሲተረተርበት እሱ ዘንድ ያቆማል። እጁ የተመሰገነ ነው፤ አፉ ግን አይጣል ነው። ሹፌሩን ሳይዘልፍ ወንበሩን አይሰፋም። «ምን አድርጎህ ነው እንዲህ ያሰቃየኸው? ጤፍ ወቅተህበታል እንዴ?» ይላል። ሹፌሮቹም ስድቡን ከሂሳቡ ጋር እንደተቆረጠ ቆጥረው ይስቃሉ።

እሱን ራሱን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚከተለው አንድ ስድብ ነበር። አባቱ አቶ ባይሳ በጊንጪ በኩል፣ ከጭልሞ ደን ጥግ፣ ቆዳ እያለፉ ጠፍር የሚያወጡ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው አገሬው ፋቂ ይለዋል። ፋቂ የሠራው ጠፍር አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ፋቂውን ግን ከማዕድ አያቀርቡትም። አብዮቱ ሲመጣ በቀበሌው ስብሰባ «ከእንግዲህ ማንም በሥራው አይሰደብም» ተባለ፤ ተጨበጨበም። ስድቡ ከአዳራሹ ወጣ፤ ከሰው አፍ ግን አልወጣም። ሥራው ያማረለት ሹፌር እንኳ «የፋቂ ልጅ አይደል፣ ይችልበታል» ብሎ ያመሰግነዋል። ምስጋና መሆኑ ነው! ተሬፋ እዚያው ስቆ ያልፈውና ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለሲንቄ አንድም ሳያስቀር ይነግራታል።

በ1972 ዓ.ም. ሙለታ የሚባል ሹፌር ሱቁ መጣ። ሙለታ በፊያት መኪና ከባኮ በቆሎ የሚያመላልስ፣ የስድስት ልጆች አባት ነው። ጌዶን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፤ ከእግሩ ሥር ሞተሩ ይግላል፤ የተቀመጠበት ደግሞ ስፖንጅና ፕላስቲክ ነው። መቀመጫው ቆስሎ፣ ሐኪሙ «መንዳት ካልተውክ አይድንም» ብሎታል።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» አለው ተሬፋ።

«መቀመጥ ብችልማ አንተ ጋ ምን አመጣኝ?» አለ ሙለታ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተሬፋ የሚዘልፈው ነገር አጣ። ሦስት ሳምንት ሌላ ሥራ አልቀበልም አለ። ስፖንጁን አውጥቶ ጣለው። የወንበሩን ብረት አባቱ በሠሩት ጠፍር እንደ አልጋ ጠፈረው፤ በላዩ ከቃጫ የተሠራ ስስ ምንጣፍ ዘረጋ፤ የላይኛውን ልባስ በወስፌ እየወጋ ወንፊት አስመሰለው። ከዚያ ከመኪናው አፍንጫ አንድ ሰፊ የጎማ ቱቦ አስገብቶ ከመቀመጫው ሥር አወጣው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ በቱቦው ገብቶ በጠፍሩ መሐል ያልፍና ከሹፌሩ ሥር ይወጣል። ሙለታ ባኮ ደርሶ ሲመለስ ከጋቢናው እስኪወርድ እንኳ አልታገሠም። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ተሬፋ! ወንበሩ ይተነፍሳል!» እያለ መናኸሪያውን አናጋው። ቁስሉ በሁለት ወር ደረቀ። ከዚያ ወዲህ የወለጋን መንገድ የሚነዳ ሁሉ «የሚተነፍሰውን ሥራልኝ» ይል ጀመር።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1979 ዓ.ም. በሬዲዮ አንድ ነገር ተነገረ፦ አዲስ የፈጠራ ሥራ ያለው ሁሉ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ያመልክት፤ ሥራው ተመርምሮ አዲስነቱ ከተረጋገጠ በስሙ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ተሬፋ ሬዲዮኑን ዘግቶ ሲንቄን አያት። ገንዘብ አላሰበም። ያሰበው «ይህን የሠራው ተሬፋ ነው» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነበር። ያ ወረቀት ካለው ፋቂ የሚለው ሁሉ ይምጣ!

ሥዕሉን የቴክኒክ መምህሩ አመዩ ሳሉለት፤ ማመልከቻው ሄደ። መርማሪ የሚመጣበት ቀን ሲነገረው ተሬፋ እንቅልፍ አጣ። ክርክር የሚያውቀው በመሬት ነው። በመሬት ክርክር የሚረታው ብዙ ምስክር ያቆመና «ይህን ያህል ዘመን ይዤዋለሁ» ያለ ነው። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ሹፌር ሰበሰበ። በአካባቢው የተከበሩት ሽማግሌ ኦቦ ኦልጅራ፣ የድሮ ሹፌር ናቸውና፣ መጀመሪያ ፈረሙ። መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። «በዚህ ወንበር ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጠንበታል፤ የሠራውም ተሬፋ ባይሳ ነው» ይላል ወረቀቱ።

መርማሪዋ ኢንጂነር ኢትዮጵያ የምትባል፣ ሱሪ የለበሰች፣ ነገሯ ቁጥብ የሆነ ወጣት ነበረች። ሙቀት መለኪያዋን ከሥሯ አድርጋ ከሙለታ ጋር እስከ ባኮ ወረደች፤ በሌላ መኪና፣ በስፖንጅ ወንበር ተመለሰች። ወገቧን ይዛ ስትወርድ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ኦቦ ተሬፋ፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው» አለች።

በዚህ ጊዜ ተሬፋ የምስክሮቹን ወረቀት ዘረጋላት። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ፊቷ ጠቆረ።

«ይህን አዘጋጁ ያለዎት ማን ነው?»

«ማንም። ነገሩ እንዲጠናከር ብዬ ራሴ ነኝ።»

«ይህ እንደ መሬት ክርክር አይደለም፣ ኦቦ ተሬፋ። አንድ ሥራ አዲስ የሚባለው ከማመልከቻው በፊት ሕዝብ ሳያውቀው ሲቀር ነው። እርስዎ ግን ሰባት ዓመት መታወቁን በሠላሳ አንድ ሰው አስመሰከሩ።»

«የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱን አልጠራጠርም። መመሪያው ግን መቼ ታወቀ ነው የሚለው።» እሷም ከፍቷታል፤ ያስታውቅባት ነበር። «ማስረጃዎን ነገ ጠዋት እረከባለሁ» ብላ ወደ ማረፊያዋ ሄደች።

ወሬው መናኸሪያውን ለመዞር አፍታ አልፈጀበትም። ሹፌሮቹ ሱቁን ሞሉት።

«እንቅደደውና ሌላ እንጻፍ!» አለ ሙለታ። «ባለፈው ወር ነው ያየነው እንላለን። ያነበበችው እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ገና አልተረከበችውም፤ ሌላ ማን ያውቅብናል?»

ተሬፋ ሐሳቡን ወደደው። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ወደደው። ወረቀቱን አንስቶ መሐሉን ለመቅደድ ያዘው። ከታች የተደረደሩትን የአውራ ጣት አሻራዎች ሲያይ ግን እጁ ቆመ። ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ለመቁረስ ሲያመነቱ የኖሩ ሰዎች ጣት ነው። ለእሱ ብለው ቀለም ነክረዋል።

«ተው፣ ሙለታ» አለ። «ሰባት ዓመት የተቀመጥክበትን አልተቀመጥኩበትም ካልክ፣ ነገ እኔ ነኝ የሠራሁት ስል ማን ያምነኛል? ስለ እኔ እውነት ተናገራችሁ። አላስዋሻችሁም።»

ኦቦ ኦልጅራ ተነሥተው ጉንጩን ሳሙት። በማግስቱ ወረቀቱ ሳይቀደድ ለመርማሪዋ ተሰጠ።

መልሱ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። መምህር አመዩ ፖስታውን ከፍተው በዓይናቸው ቃኘት አደረጉትና አንገታቸውን ደፉ። «አልተፈቀደም» አሉ። ሙለታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «እኛ ነን ያበላሸንብህ፣ ወንድሜ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«እስቲ ሙሉውን ያንብቡልኝ» አለ ተሬፋ።

አመዩ አነበቡ፦ «...ነፋስ የሚያስተላልፈው የሹፌር ወንበር በአቶ ተሬፋ ባይሳ ታስቦ የተሠራ፣ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በአምቦና በአካባቢው በሚገኙ ሹፌሮች ዘንድ የታወቀና በአገልግሎት ላይ የዋለ መሆኑ በሠላሳ አንድ ምስክሮች የተረጋገጠ ስለሆነ፣ አዲስ ነው ለማለት ስለማይቻል ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።»

«ቆይ፣ ቆይ። ማን የሠራው ይላል?»

«አቶ ተሬፋ ባይሳ።»

«ባይሳ ይላል? የአባቴ ስም አለበት?»

«አለበት።»

«ማኅተሙስ?»

አመዩ አሁን ነገሩ ገባቸው። ወረቀቱን አዙረው ሐምራዊውን ማኅተምና ስሙን አሳዩት። ተሬፋ እጁን በሽርጡ ደጋግሞ ጠረገና ጣቱን በአባቱ ስም ላይ አሳረፈ። ዕንባው መጣ፤ አልደበቀውም። ሰው ከማዕድ ያራቃቸው አባቱ፣ ባይሳ ጠፍር ሠሪው፣ «አቶ» በተባለ ልጃቸው ስም አጠገብ በመንግሥት ወረቀት ተቀምጠዋል።

«አንተ ሙለታ፣ ና ወዲህ!» ብሎ ጮኸ። «ምኑን ነው ያበላሸኸው? እናንተ ባትመሰክሩ ኖሮ ይህ ይጻፍልኝ ነበር? ገለቶማ፣ ወንድሞቼ፣ ዋቀዮ ይስጥልኝ!»

ሙለታ ግራ እንደተጋባ ገባ። ተሬፋ ወንበር ሳበለትና፣ ሲንቄ የላከችለትን ምሳ ከፍቶ መሐላቸው አኖረው። ሁለቱም እጃቸውን ታጥበው ከአንድ ሳህን በሉ።