የሲስተር እጅና የእኔ ጓንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት የተሸጠ፦ ሁለት ካርቶን ጓንት፣ ስድስት ሳሙና።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ብርቱካን ሱቄ ገብታ ሁለት እጇን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ቆዳዋ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል፤ ቅላቱ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ያበቃል።

«የሰው ዓይን ነው። ሰባት ቀን ጠበል ተጠምቄ ድኜ ነበር፤ ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አገረሸብኝ። ሥራውን ልለቅ ነው» አለች።

ሳሙና ሊገዙ የቆሙትን ቄስ ነገር ፈለግኋቸው። «አባ፣ የደብርዎ ጠበል ዋስትናው ሦስት ቀን ብቻ ነው እንዴ?»

አልተቆጡም። «ልጄ፣ ስትጠመቂ ጓንት አድርገሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«ኧረ አባ! በጓንት ማን ይጠመቃል?»

«እንግዲያው ዓይኑ ያለው የዚህ ሰውዬ መደርደሪያ ላይ ነው» ብለው ወደ ጓንቶቼ ጠቆሙ።

ባለፈው ወር «ነጩ ካሳከከሽ ሰማያዊው ይሻልሻል» ብዬ የሸጥኩላት ደግሞ እኔው ነኝ!

እዚያው ሆና ለጤና ጣቢያው ዶክተር ደወለች። ጎማው ሲሠራ የሚጨመር ኬሚካል ለአንዳንድ ሰው ቆዳ እንደማይስማማ፣ ሰማያዊውም ላይ እንዳለ፣ የሌለበት ጓንት ግን እንደሚገኝ ነገራት። ሥራ የመልቀቁን ነገር ተወችው፤ የተረፋትን ሰማያዊ ፓኬት ግን ባንኮኒዬ ላይ ጥላው ሄደች። ቄሱ ስለ ምርመራቸው ሳሙናውን በነጻ ወሰዱ።

እናንተ የጤና ባለሙያዎች፣ እጃችሁን እንዲህ ያደረጋችሁ አላችሁ? በማን አሳበባችሁ? ጻፉልኝ።

ነገ፦ ደብረ ታቦር ወርጄ ያ ኬሚካል የሌለበት ጓንት እጠይቃለሁ።