ገብስ የመሰለው ቀዳዳ

ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከጠመንጃ ላይ ነው። ባሌ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ ለጥገና በመጣው ሁሉ ላይ ቁራጭ ካርቶን ያስርና ጉድለቱን ይጽፍበታል። እሱ ሲያነብልኝ በጣቴ እየተከተልኩ ለመድኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ያነበብኩት ቃል «ያለቀ» የሚል ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መሣሪያቸውን እቤት ድረስ ያመጡለት ነበር። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር መለካቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ሥራው ከባድ አይደለም። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ለስላሳ ቧንቧ ይመስላል እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ አለው። ጥይቷ ስታልፍ ያ ቦይ ያሾራታል። ባሌ ይህን ሊያስረዳኝ ብዙ ደከመ፤ ኋላ እኔ ነኝ ያቀለልኩለት።

«እንዝርት ማለት ነዋ» አልኩት። «ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲደክም ይንገዳገድና ይወድቃል። ረጅሙን እንዝርት ደግሞ ጠንከር አድርገህ ካላሾርከው ከነጭራሹ አይቆምም።»

«ረጅም ጥይትም ጠበቅ ያለ ጥምዝ ነው የምትፈልገው» አለ። «እኔ ይህን ለመማር ስንት ወር ፈጀብኝ መሰለሽ? መሐንዲስ አግብቼ ኖሯል ለካ።»

እርጥብ ጨርቅ በመወልወያው ዘንግ ጫፍ እጠመጥማለሁ፤ ዘንጉ ላይ ቀይ ክር አስሬ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ። እጀታው ልቅ ስለሆነ ዘንጉ ቦዩን ተከትሎ ይዞራል። ክሩ አንድ ዙር ዞሮ ወደ ላይ ሲመለስ ምን ያህል እንደገባ በእጄ እለካለሁ። ደህና ምንሽር፣ ያ የድሮው ረጅም ጠመንጃ፣ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው። ቦዩ ያለቀበት ግን ዘንጉ ሳይዞር ሾልኮ ይገባል። ከእንዲህ ያለው አፈሙዝ የወጣች ጥይት እየተገለባበጠች ሄዳ በጎኗ ነው የምትመታው። ባሌ ሁለት ቀዳዳ ያለበት አሮጌ ቆርቆሮ ነበረው፤ አንደኛው ክብ ነው፤ ሌላው ረዘም ብሎ አንድ ጫፉ የሾለ፣ ልክ የገብስ ፍሬ። «ይህን ካየሽ መሣሪያውን ሳታዪ ፍረጂ» ይለኝ ነበር።

ከአባቱ የወረሰው ምንሽር ራሱ ያለቀ ነበር። «ያለቀ» ብሎ የጻፈበትን ካርቶን አስሮ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ሞቶም እንደተሰቀለ ቆየ። ልጄ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ አጠገብ፣ በአንድ የእንጨት መጋዘን የጥበቃ ሥራ ሲያገኝ ግን «ፈቃድ ያለው የራስህን መሣሪያ ይዘህ ና» አሉት። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ካርቶኑን ፈትቼ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

«እማዬ፣ ደህና ነው አይደል ይሄ?»

«አባትህ ይዞት የኖረው ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ዓመት ግድም ሳይተኩስበት ኖረ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ጀልባዎቹ አሳ ሲያወርዱ፣ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ሰው መጣ። ጥይት ተተኮሰ፤ አንዴ ይሁን ሁለቴ በግርግሩ የለየ የለም። አሳ የምትጠብሰዋ ሴት ከቆርቆሮ አጥሯ ጀርባ እንደቆመች ጭኗን ተመታች። ነፍሷ ተርፏል፤ ቁስሉ ግን ሰፊ ነው አሉ። ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለውን የመረብ ማከማቻ የሚጠብቀው የጎረቤቴ ባል ነው። «አዎ፣ ለማስደንገጥ አንዴ ወደ ሰማይ ተኩሻለሁ» አለ። ልጄ «እኔ አልተኮስኩም» አለ። ጥይቷ ሐይቅ ገብታ ቀረች። ያመነው ታሰረ።

ጎረቤቴ የሲዳማ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር የምንከራየው አንድ ግቢ ነው፤ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ። ለባሏ ምግብ ስታደርስ ብቻዋን መሄድ ስለፈራች አብሬያት እሄድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስንመለስ «ቦታውን ላሳይዎት እማማ» ብላ ከባጃጅ አወረደችኝ። አጥሩ ላይ ቀዳዳው አለ።

ገብስ ነው።

«ድንጋይ የመታው አይመስልም እማማ?» አለችኝ። «የእሱ ክላሽ አዲስ ነው፤ ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት ይላል። ማን ይሰማዋል? በጸሎት ያስቡን ብቻ።»

«አስባችኋለሁ» አልኩ። ቀድሜያት ወደ መንገዱ ወጣሁ።

አራት ቀን እንዲህ ሆንኩ። ጠዋት ከእሷ ጋር በባጃጅ ሳህኑን ጭኔ ላይ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ልጄ ከሥራ ገብቶ ተኝቷል። ግቢ ውስጥ ብቀመጥ እሷ አጠገቤ ሽንኩርት ትልጣለች። ቤት ብገባ መዝሙሯ በግድግዳው ይገባል። ልውጣ ብል ወዴት? ወደ መሃል ከተማ ሄጄ ያለ ጉዳይ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ እግሬ ሲዝል ተመልሼ እዚያው። እሷ ደግሞ «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ትለኛለች።

በአምስተኛው ቀን ልጄ ተኝቶ ሳለ ምንሽሩን አወረድኩ። ባዶ መሆኑን አየሁ፤ ጨርቁን ጠመጠምኩ፤ ቀዩን ክር አሰርኩ። ዘንጉ ሾልኮ ገባ። ክሩ ካለበት አልተነቃነቀም። ሳወጣው ጨርቁ በባሩድ ጠቁሯል።

«ደግሞ ጠጋኝ ሆንሽ?» አለኝ ልጄ ነቅቶ ከኋላዬ።

«ተኩሰሃል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ከጉማሬው ፊት ውሃው ላይ ነው የተኮስኩት። ሴትዮዋ የነበረችው በስተግራ ነው። ጥይቷ እንዴት ብላ እዚያ ትሄዳለች?»

«ያልተሾረች ጥይት የምትሄድበትን ማን ያውቃል?»

«ታዲያ የእኔ መሆኗን በምን አወቅሽ?»

«ቀዳዳውን አይቼዋለሁ። የዚያ ሰውዬ መሣሪያ እንዲያ አይበሳም።»

«አንቺ ካልተናገርሽ ቀዳዳ የሚያነብ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ ቆይተው ይለቁታል እኮ። እኔ ከገባሁ አንቺን ማን ያይሻል?»

ይህ እውነት ነው፤ ከእሱ ሌላ የለኝም። በግድግዳው በኩል ጎረቤቴ ሳህን ስታጥብ ይሰማል። የነገ ሳህን ነው። ሁለታችንም ሰማነው። ልጄ ጫማውን አጠለቀ። እኔም ሳጥኔን ከፍቼ ካርቶኑን አወጣሁ።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለን መርማሪ የልጅ ልጄ ቢሆን የሚበቃ ነው። ልጄ ቃሉን ሰጠ። እኔ ዘንጉ እንዴት እንደሚገባ አሳየሁ፤ መርማሪውም ራሱ ገፍቶ አየው። ከዚያ ካርቶኑን አነበበ።

«ይህን ከመሣሪያው ላይ ማን ፈታው እማማ?»

«እኔ።»

ጻፈው። ልጄን አስቀርቶ እኔን «ለጊዜው ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ ስንፈልግዎ እንጠራዎታለን» አለኝ። እስካሁን አልጠሩኝም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን እነሱ ይመስሉኛል።

የጎረቤቴ ባል በማግስቱ ተፈታ። እሷ አልሰደበችኝም። ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ አጠገቤ ግን አትቀመጥም። አውቄ የደበቅሁባትን አራት ቀን ሳትቆጥር አልቀረችም።

አሁን በባጃጅ ብቻዬን እሄዳለሁ። ትናንት ሳህኑን ሳቀብለው ልጄ በአጥሩ ሽቦ በኩል አየኝና እስከዚያ ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ያንን ካርቶን ለምን ፈታሽው?»

«ሥራው እንዳያመልጥህ ብዬ።»

«እህ» አለ። ዳቦውን ቆርሶ መብላት ጀመረ። ሳህኑን እስኪመልስልኝ ቆሜ ጠበቅሁት።