የሲባጎው ቋጠሮ

«ቋጠሮውን ነክተሽዋል እንዴ?» ብሎ አባቴ የጠየቀኝ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። እሱ ማኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። «ኧረ አልነካሁም» አልኩት።

ቤታችን ቁስቋም ነው። አባቴ ከኮላ ድባ ገበያ ሽምብራና ጤፍ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችን። ግቢያችን ሁሌ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ትምህርት ቤት «የናፍጣ ልጅ» ሲሉኝ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ነበር የማየው። አንድ ቅዳሜ ሞተሩን የሚሸከመው መስቀለኛ ብረት ተሰንጥቆ ተገኘ። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው፤ ያለን ምርጫ አራዳ ገበያ ሄዶ ያገለገለ መፈለግ ነበር። ብረቱን ነቅሎ ለናሙና እንዳይወስድ ደግሞ ሞተሩ ይወድቃል። ስለዚህ አባቴ በሁለቱ የቡሎን ቀዳዳዎች መሃል ሲባጎ ወጠረና ልኩ የሚያልቅበት ላይ፣ በዚህም በዚያም፣ አንዳንድ ቋጠሮ አሰረ። ከዚያ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ።

«እስክንመለስ ማተብሽ ነው፤ ማተብ ደግሞ አይፈታም» አለኝ።

አባቴ መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም የማይለው ሰው የለም። ከአንዱ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ከሌላው ጋር ስለ እህቱ ልጅ ሠርግ ሲያወራ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። መጠበቅ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። አንዱን ቋጠሮ በጥርሴ ስቆረጥመው፣ ስቆረጥመው ተፈታ። ማተብ ፈትቼ! ላብ አጠመቀኝ። እዚያው ቦታ ላይ መስሎኝ ቶሎ ብዬ መልሼ ቋጠርኩት።

አራዳ ስንደርስ ያገለገለ ዕቃ ሻጩ ሁለት ብረት አወጣልን፤ ለዓይን መንታ ናቸው፣ ልዩነታቸው አንድ ጣት ብቻ ነው።

«አያ ደሴ፣ የስንት ዓመት ሥሪት ናት? ሊብሬዋን አምጣና እንይ። ያንተ ረጅሙ ነው የሚመስለኝ» አለ።

«ምን ሊብሬ ትለኛለህ? ሲባጎው አለ አይደል!» አባቴ ከአንገቴ አውልቆ ዘረጋው። አጭሩ ላይ ልክክ አለ።

«ምነው አያ ደሴ፣ በክር? ቀሚስ ልታሰፋ ነው?»

«የልጄ አንገት ላይ የዋለ አይዋሽም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቤት ገብቶ ሲገጥመው ብረቱ በአንድ ጣት አጠረ። ያኔ ነው የጠየቀኝ። አልነካሁም ስለው «እንግዲያው ዓይኔ ነው» አለ። ሻጩም የተሸጠ አልመልስም አለ። ጎረቤታችን በያጁ «አያ ደሴ፣ ይሄ ሸክም የሚችል ብረት ነው፣ ተቀጥሎ አይሆንም» ብሎ ለምኖት ነበር። ግን እህሉ ኮላ ድባ ተቆልሎ እየጠበቀ ነውና አስቀጠለው። ክረምቱ ሳይወጣ ብየዳው መንገድ ላይ ተላቀቀ፤ ሞተሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፒካፗ ተጎትታ ግቢያችን ገባች፤ በዚያው ቀረች። አባቴ የሰው ግቢ ዘበኛ ሆነ። ከዚያ የባሰው ግን ዓይኑን ማመን መተዉ ነው። ሚስማር እንኳ ሲመታ «እስቲ አንቺ እይው፣ ተጣሟል?» ይለኛል። የአባት ዕዳ ለልጅ ይላሉ። በኛ ቤት ተገላበጠ።

ዘንድሮ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቅኩ። ያገለገለ ብረት ሲገዛ መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩና የሥሪት ዘመኑ እንደሚታይ፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ በብረት ሜትር፣ በቀጥታም በሰያፍም እንደሚለካ አሁን አውቃለሁ። አውቄስ? ሥራ የለኝም፣ የሚጠገን ማኪናም የለንም። ያኔ ምንም ሳላውቅ አባቴ አንገቴ ላይ እንጀራውን አንጠለጠለ፤ ዛሬ ዲግሪ ይዤ የሚያምነኝ ቀጣሪ የለም።

ባለፈው ሳምንት ቁርጥራጭ ብረት ገዢ መጥቶ ፒካፗን ከታትፎ ጫናት። አባቴ ያችን የተቀጠለች ብረት አነሳ፤ ብየዳዋን በአውራ ጣቱ ዳበሳት።

«ቤቴን ያፈረሰው ይሄ ዓይኔ ነው፤ አንድ ጣት እንኳ መለካት ያቃተው ዓይን» አለው ለሰውዬው፣ እየሳቀ።

አላስቻለኝም። ሰውዬው እየሰማ፣ እናቴም በር ላይ ቆማ እየሰማች፦

«አባዬ፣ ዓይንህ ምንም አላጠፋም። ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»