በቀን የምትነክስ ቢንቢ

የያዙኝ አራዳ ገበያ መሐል፣ ሳሙና ስገዛ ነው። ሁለት ዘበኞች ግራና ቀኝ ቆሙና ትፈለጋለህ አሉኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ከጥቂት ቀናት በፊት በአንድ ወዳጄ ቤት፣ ሹሙም እንደ ድሃው በሕግ ይዳኝ ብዬ ተናግሬ ነበር። የሰማው ሰው ብዙ ነው።

ያስገቡኝ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለ ግቢ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር በቀረው ክፍተት ነው። እርጥብ ገለባ ይሸታል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የውሃ ጋን ቆሟል። ቀኝ እጄን ከአንድ ጎልማሳ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት አቆራኙት። ሰውየው ነጋዴ ነው። የመንግሥት ጠላቶች መልእክት ይዞ መጥቷል ተብሎ፣ ከጅቡቲ ባቡር እንደ ወረደ ነበር የተያዘው። እውነት ይሁን ሐሰት አልነገረኝም።

በቤቱ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማው አንድ ሽማግሌ ፊታውራሪ ነበሩ። እሳቸውም እስረኛ ናቸው፤ ማን የት እንደሚተኛ የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው። በኅዳር በሽታ ጊዜ ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ሳምንት ቀብረዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያነሳው ሰው ግን የለም።

አንድ ጠዋት የሰንሰለቱ መንቀጥቀጥ ቀሰቀሰኝ። የባልንጀራዬ እጅ ይፋጃል። ከዓይኑ ጀርባ ይወጋኛል፣ አጥንቴ ሁሉ ተሰባበረ አለኝ። እያደር ደረቱ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣበት። ይህን ጊዜ እስረኛው ሁሉ ወደ ማዶው ግድግዳ ሸሸ። አንዱ ተስቦ ነው አለ፤ ሌላው የኅዳሩ ተመልሶ መጣ አለ። ፊታውራሪ የዘበኞቹን አለቃ አስጠርተው ሰውየው ይውጣልን አሉ። የሚወሰደው ከአጥሩ ሥር ወዳለች ጣሪያዋ የፈረሰ ጎጆ ነው። ጊዜው ክረምት ነበር። እዚያ የገባ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚወጣ እናውቃለን።

አለቃው እኔን ሊፈታ ወደ ሰንሰለቱ ሲያጎነብስ ሕመምተኛው ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ ይህ በትንፋሽ አይጋባም» አላቸው ፊታውራሪን። «ቢንቢ ናት የምታዛምተው።»

ከዚያ እያረፈ አስረዳ። ጅቡቲ ብዙ ሰው በዚህ ንዳድ ሲወድቅ አይቷል። የወደቡ ሐኪም እንደ ነገረው፣ እግሯ ዝንጉርጉር የሆነች ትንሽ ቢንቢ አለች፤ በቀን ትነክሳለች። ትኩሳት ላይ ያለውን ሰው ትነክስና ቆይታ ጤነኛውን ስትነክስ በሽታውን ትሰጠዋለች። የምትራባው በየቤቱ በተቀመጠ ውሃ ነው። መድኃኒት የለውም፤ በሽተኛው ውሃ እየጠጣ ያርፋል፣ ትኩሳቱ እስኪለቀው ቢንቢ እንዳትነካው ይሸፈናል።

«ብትዋሸንስ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ብዋሽ ቀድሞ የሚሞተው ይህ አብሮኝ የታሰረው ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደፋር ሰው አልነበርኩም። ግን ስንት ሌሊት ትንፋሹን ስምግ አድሬያለሁ፤ የሚጋባ ከሆነ ተጋብቶብኛል። አትፍቱኝ አልኩ።

ፊታውራሪ ተነሥተው ጋኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ተመለከቱ። ትናንሽ ትሎች ይወራጫሉ። በየቀኑ እናያቸው ነበር፤ በጨርቅ እያጠለልን እንጠጣ ነበር። ውሃውን አስደፉት፤ ውስጡን በገለባ አስፈተጉት፤ አዲስ ውሃ ሲሞላም አፉን በጨርቅ አሳሰሩት። ከዚያ የለበሱትን ነጭ ኩታ አውልቀው፣ ከግድግዳው እንጨት ጋር አስረው በሁለታችን ላይ ዘረጉት። እሳቸው በእጀ ጠባብ ብቻ ተቀመጡ። ብርድ ነበር።

በማግስቱ አለቃው መጥቶ ዓይኑ እሳቸው ላይ ቀረ።

«ፊታውራሪ፣ ኩታዎ የት አለ?»

«ሥራ ይዟል» አሉት።

አለቃው ጎጆዋን ደግሞ አላነሣም። ባልንጀራዬን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ አቅሙ ግን ቶሎ አልተመለሰም፤ ምግብ እያጎረስኩት ሰነበትን። በኋላ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት፤ መጨረሻውን አላወቅሁም። ፊታውራሪን አንድ ቀን ለምን አመኑት ብዬ ጠየቅኋቸው። «በኅዳር ጊዜ ምን እናድርግ ብንል የሚነግረን ጠፍቶ ነው ልጆቻችንን ያስረከብነው» አሉኝ።

በቅርቡ ይህን ለአንድ ሐኪም ዘመዴ አጫወትኩት። ሰውየው ያለው ልክ ነው አለኝ። ያቺ ቢንቢ ግን የቆላ ናት፣ እንደ አዲስ አበባ ያለ ብርድ አይስማማትም፤ የጋናችሁ ትሎች የሌላ ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ምናልባት ያልመጣ ጠላት ስንጠብቅ ከርመን ይሆናል። አልተከራከርኩትም። ያን ክረምት ከዚያ ቤት አንድም ሬሳ አልወጣም።