ባሎች በመጡበት ሳምንት
ዳታ የሚባል ነገር እንደኔ ያንገበገበው ሰው ካለ ይምጣና አብረን እንማረር።

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ስለ ባልና ሚስት ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቃሉ። ከብት የሚሸጠው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው፣ ሐኪም ቤት የሚኬደው በማን ውሳኔ ነው? አንድ ቤት ስለሚኖሩ መልሳቸው ይመሳሰላል፤ እንደ ሁለት ባዕዶች መቁጠር አይቻልም። እኔ የመረጥኩት ዘዴ ጥንዱን አንድ ላይ ይዞ፣ የሱ ኑሮ የሷን መልስ፣ የሷም የሱን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለይቶ ያወጣል። ቆንጆ ዘዴ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት አልፎ አልፎ እንኳ የተለያየ መልስ ይስጡ።

የኛ አገር ባል ግን ቤቱ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ሱቅ አለው። ስለዚህ በወልቂጤ ዙሪያ የአምናውን የመስቀል ሳምንት፣ በቡታጅራ ዙሪያ ደግሞ ሙስሊሞቹ ለአረፋ የሚመጡበትን ሰሞን መረጥኩ። በብልጠቴ ኮርቼ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሚስቶቹን ለብቻ ልጠይቅ ብል ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል፤ ጓዳ ገብተን ስንንሾካሾክ ባልየው ከሳሎን ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዓመቱን ሙሉ እንሰት የምትፍቅ፣ ጥጃ የምትሸጥ፣ ልጅ የምትቀጣ ሴት፣ ባሏ በሬ ባረደበት ቀን ለማታውቀው ሰው "የምወስነው እኔ ነኝ" አትልም። ነውር ነው። "እሱ ያውቃል" አሉ ሚስቶቹ። ባሎቹም "እኔ" አሉ። በወረቀቱ ላይ ሁሉም ባል ፈላጭ ቆራጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

ዩኒቨርሲቲው ባለበት በጉብሬ በተከራየሁት ክፍል ክረምቱን ሙሉ ያንን ዘዴ ላፕቶፔ ላይ ባስኬድኩት ቁጥር ያው ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በጥንዶቹ መካከል ልዩነት ስለሌለ ስሌቱ አይቋጭም ይለኛል። ሌላ መንገድ ሞከርኩ፣ ባሰ። ላፕቶፑን ዘግቼ በንዴት ያለቀስኩበት ቀን አለ። የተናደድኩት በሴቶቹ ነበር። ምናለ አንዷ እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ!

አማካሪዬ በስልክ ረጋ ብሎ ሰማኝና፣ "ስሌቱን አትውቀሺው። ክረምቱ ወጥቶ ባሎቹ ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሂጂና ሚስቶቹን ያንኑ ጥያቄ ድገሚላቸው። ሁለቱን ዙር አንድ ላይ እናስገባለን፤ የባል እቤት መገኘት ራሱ መልስ እንደሚለውጥ ያኔ ይታያል" አለኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብዬ ደስ አለኝ። ችግሩ፣ ለዚህ ጥቅምትን ሙሉ ገጠር ለገጠር መዞር አለብኝ። የኔም ባል እንደ ሌሎቹ አዲስ አበባ ነው፤ "ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ አብረን እንሂድ፣ ትምህርቱ ይቅርብሽ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ስንት ጊዜ በስልክ እምቢ ብዬዋለሁ። ከሄድኩ ዲግሪውም፣ እዚህ ተስፋ የተሰጠኝ የማስተማር ሥራም ቀረ ማለት ነው።

መስቀልን ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለው የአማቶቼ ቤት ዋልን። ክትፎው ተበልቶ ሽማግሌዎቹ ሲጫወቱ አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ዘንድሮስ አብራችሁ ነው የምትሄዱት?"

ባሌ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ አዲስ ኮት ለብሷል፣ ለሁሉም ስጦታ አምጥቷል፣ ፊቱ በርቷል።

"እሱ ያውቃል፣ አባባ" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ባሌ "እንግዲህ እሁድ እንሄዳለን" አለ፤ ሁሉም ደስ አላቸው።

ጓዳ ጠራሁት። "ሰው ፊት ስለሆነ ነው እንጂ እንደማልሄድ ታውቃለህ" አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"በስልክ እምቢ ትያለሽ፣ ሰው ፊት ሌላ ትያለሽ። የትኛውን ልመን?" ሲያፌዝብኝ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ።

"የስልኩን።"

"እንግዲያው ውጪና ንገሪያቸው። አልከለክልሽም። እኔ ግን አባቴ ፊት 'ሚስቴ እምቢ አለችኝ' አልልም።"

ልናገር ብዬ ነው የወጣሁት። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፤ እስከ ገና እቆያለሁ፣ ያልጨረስኩት ሥራ አለኝ። አማቴ ግን ገና ስገባ አይተውኝ ብድግ አሉ፤ ሽማግሌዎቹም አብረዋቸው ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር።

"መንገዳችሁ ይቅና። የገባችሁበት ቤት ይሙላ። ልጅ ይስጣችሁ።"

ምርቃት አቋርጦ "አይ" ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ቤቱ ሁሉ "አሜን" አለ። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ አሜን አልኩ።