«የቀድሞ መቀናጆህን ስልክ አምጣ»

ትናንት ከሰዓት... መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሆኜ ለአንድ ሽማግሌ ስለ አዲሱ የስልክ አፔ እለፈልፋለሁ። «ቁጭ በል እንጂ!» ይሉኛል፣ እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም፣ ምን ላድርግ!

ሥራም ላይ እንዲሁ ነኝ። አዲስ አበባ መጀመሪያ ምግብ ማድረሻ ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቼ ተማሪ ማስጠኛ አፕ። ከዚያ የክሊኒክ ወረፋ ማስያዣ። አሁን ደግሞ ግብርና! አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸውን ገበሬዎች በስልክ አገናኝቼ መቀናጆ ላስገባቸው ነው... በሬዎቻቸውን አብረው ጠምደው ተራ በተራ እንዲያርሱ።

ሽማግሌው አያ ይመር የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ዳኛ ናቸው። እሳቸው እሺ ካሉ መንደሩ ሁሉ ይመዘገባል፤ እምቢ ካሉ ማንም ስልኩን አያወጣም። የእርሻው ወቅት ደርሷል። ይሄም ከከሸፈ ወዴት እንደምሄድ እንጃ። ፈርቻለሁ።

ሰምተው ሰምተው «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነገር ነው» አሉ። ደስ ሲለኝ!

«ግን ልጄ፣ እኛ መቀናጆ ስንገባ በሬውን ብቻ አናይም። ሰውየው አምና ከማን ጋር አረሰ ብለን ሄደን እንጠይቃለን። አንተስ ከማን ጋር ነበርክ?»

«እኔ እኮ አላርስም፣ አያ ይመር...»

«አውቃለሁ። ብቻህን ግን አልሠራህም። የቀድሞ መቀናጆህን ስልክ አምጣ።»

ሰኢድ! የክሊኒኩን አፕ አብረን ነው የሠራነው። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ኮድ ይጽፋል። ገና ሰው መጠቀም ሲጀምር ሰለቸኝና «በቃኝ» የምትል አጭር መልእክት ልኬለት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተደዋውለን አናውቅም። የሌላ ሰው ቁጥር ልስጣቸው ብዬም ነበር፣ አልዋሽም።

የሰኢድን ሰጠኋቸው፣ በራሳቸው ስልክ ደወሉ። ድምፁን ለቀውት።

«ወንድሜ፣ አብሮህ ይሠራ የነበረው ልጅ እኛ አገር መጥቷል። አብሬው ልሠራ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጎበዝ ነው፣ አባቴ» አለ ሰኢድ። «ተንኮል አያውቅም፣ ይመኑት። ደህና ነው ግን? ሰላም በሉልኝ።»

አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም! አፈርኩ። ግን ደግሞ ተገላገልኩ ብዬ ቶሎ ስልኬን አወጣሁና «ስምዎን ልመዝግብ?» አልኳቸው።

አያ ይመር ትኩር ብለው አዩኝ።

«አብሽር፣ አልጠላሁህም። ግን እንዲህ ያለውን ደግ ሰው ጥለህ ከሄድክ፣ እኔ ዘንድ ስንት ቀን ትቆያለህ?»

አንድም ሰው ሳልመዘግብ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት ለሰኢድ ሦስቴ ደወልኩ... ለማያውቃቸው ሰው አመስግኖኛል፣ የእኔን ስልክ ግን አያነሳም።