የአርብ ቀን ጀነሬተር

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጥታ አንድ ቃለ መጠይቅ አሳየችኝ። ሽበታም ሰውዬ ሶፋ ላይ ተደላድሎ፣ ኮምፒውተርን ለአሶሳ ቢሮዎች ያስተዋወቅኩት እኔ ነኝ ይላል። አወቅሁት። አቶ ሰይፉ ነው።

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን እኔ እዚያው አሶሳ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር። የታመመች እናቴ የምትኖረው በእኔ ደመወዝ ነው። ወቅቱ ማንጎ የሚረግፍበት ስለነበር ግቢያችን በብስባሽና በዝንብ ተሞልቶ፣ ሽታው እስከ ጠረጴዛዬ ይደርሳል።

ለቢሮው አንድ ላፕቶፕ ተሰጠ። ንብረት ክፍላችን ደግሞ ከዕቃ ላይ የሚነቀል ነገር ሁሉ እንዳይሰረቅ ለብቻው የመቆለፍ ልማድ ነበረው። የመኪናውን ክሪክ እንደሚቆልፈው፣ የላፕቶፑንም ባትሪ አውጥቶ መጋዘን ከተተው። ስለዚህ የሚሠራው በገመድ፣ ያውም የግቢው ጀነሬተር ሲነሳ ብቻ ነው።

አቶ ሰይፉ አዲስ ሲስተም ሊጭንበት ከአዲስ አበባ መጣ። ቀኑ አርብ ነው። ረፋዱ ላይ ፍሎፒዎቹን ደርድሮ አንዱን እያወጣ ሌላውን ይከት ጀመር። የጀነሬተሩ ሠራተኛ አብዱልከሪም አርብ አርብ አጥፍቶት ጁምዓ እንደሚሄድ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

"አቶ ሰይፉ፣ ዛሬ ጀነሬተሩ ይጠፋል። ለሰኞ ቢያደርጉት?" አልኩት።

"አንቺ ታይፕሽን ምቺ" አለኝ ማንጎ እየመጠጠ። ጭማቂው እስከ ክርኑ ይወርዳል፤ በዚያው እጁ ላፕቶፑን ይነካካል።

ፍሎፒዎቹ ሳያልቁ ጀነሬተሩ ጠፋ። ከሰዓት ሲነሳ ላፕቶፑ አልነሳ አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ አውጥቶ ቀረ።

ኃላፊያችን ገብቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

"ልጅቷ ገመዱን በእግሯ ነቀለችው" አለ አቶ ሰይፉ።

"ኧረ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።"

አብዱልከሪም ከመስጊድ እንደተመለሰ በር ላይ ቆሞ ነበር። "ጌታዬ፣ ጀነሬተር እኔ ነው ያጠፋ። ኡኽቲ ምንም አልነካም" አለ። ኡኽቲ ይለኝ ነበር፣ እህቴ ለማለት።

"አንተ መጀመሪያ አማርኛ ተማር" አለው አቶ ሰይፉ። ኃላፊው ሳቀ። እሱ ሲስቅ ቢሮው በሙሉ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሰይፉ ባትሪውን ከመጋዘን አስወጣ። አብዱልከሪምንም ጠርቶ፣ "እኔ ሳልነግርህ እንዳታጠፋ" አለው። ጥፋቱ የማን እንደነበር የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። ከመጀመሪያው ፍሎፒ ጀምሮ እንደገና ጫነው፤ ላፕቶፑ ተነሳ። አጨበጨቡለት። ኃላፊው አቀፈው።

የእኔ የዝውውር ደብዳቤ ግን ተፈርሞ ነበር። እናቴን ለጎረቤት ትቼ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ እህል ጫኝ መኪና ላይ እየተላጋሁ ከአሶሳ ሩቅ ካማሺ ገባሁ። እናቴ ስትሞት አልደረስኩም።

ጎረቤቴ ይህን ስነግራት፣ "እንግዲህ አርጅቷል፣ ይቅር በዪው" አለችኝ። ይቅር በዪኝ ያለኝ ሰው የለም። ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል አቶ ሰይፉ ወጣቶችን ይመክር ጀመር፤ በሥራ ዓለም ከሁሉም የሚበልጠው ሐቀኝነት ነው አለ። ያ የበሰበሰ ማንጎ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ ስልኩን መለስኩላትና አፌን ልጉመጠመጥ ተነሳሁ።